የቀንድ አውጣው ቁልፍ

መኪና ግርግር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
ከሻሚ ልብስ ሰፊው መኪና በላይ፣
ወንፊት የመሰለች አንዲት ዛጎል
በሰም ክር ታስራ ስትንጠለጠል፣
«ማን በሳት?» አልኩት፣ ሥራ የገባሁ ለት፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መርፌ ክር የምሰካለት።

«ቤት ነበረች» አለኝ፣ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ፣
«ጌታዋ ከባሕር ድንጋይ እንደ ሙጫ ተጣብቶ፣
እጅ ሳይሰጠው፣ አጥንት ሳይኖረው፣
ግድግዳና ጣሪያውን ከገላው ያወጣው
ቀንድ አውጣ።
አቤት ስም! ትእዛዝ ነው የሚመስል፤
ምን ቀንድ አለውና? ሲነኩት ይገባል፣ ደጁንም ይቆልፋል።
እግሩ ላይ ያበቀላት ትንሽ ክብ በር አለችው፤
ቁልፍ ማለት እሷ ናት፣ የሰውን የቀደመችው።

ሰው ግን በሩን ትቶ ግድግዳውን ወደደ።
ጠላቂ ለቀመው፤ ሥጋው ወደ ድስት ወረደ፤
ቱቦ ብረት መጣ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ነደለው፤
ካንዲት ቤት ስድስት ቁልፍ። ትራፊውን ማን አየው?
አጎቴ ወደብ ላይ ጫኝ ነበር፣ ከቆሻሻ አንሥቶ፣
በባቡር እስከ ድሬ፣ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ
አመጣልኝ፣ ባሕር ለማላውቀው።»

ብሎ መኪናውን ነዳው።

ቁልፍ ሲለይ በዓይኑ አያምንም ነበር፤
ያስጠጋታል ከላይኛው ከንፈር፤
«ይቺ ትበርዳለች፤ ውሃ ታስታውሳለች።»
ፕላስቲክ ከሆነች፣ «ትኩሳት አላት» ተብላ ትጣላለች።

ካመለጠችው ግን ሩጫው የኔ ነው፤
በሽንኩርት ክምር፣ በአህያ ኮቴ መሐል አልፋ
ጊድር መጋላ አገኛታለሁ፣ ከሥጋ ሻጭ ድንጋይ ተደግፋ።
«አትፍረድባት» ይላል፣ «ቁልቁል ሁሉ ባሕር ነው የሚመስላት፤
ሐረር መሆኑን ማን ነገራት?»

አንድ ቅዳሜ ሆዳን ሮብሌ ከድሬ፣ ከከዚራ መጣች፣
የባሏን የባቡር ዩኒፎርም በፌስታል አንጠልጥላ፤
አንዲት ቁልፍ ጎድላ።
ባቡሩ ከቆመ ከርሟል፤ ሰውየው ካለፈ ሰባት ወር።
«ማን ሊለብሰው?» አልኩ፣ ልጅ አይደለሁ፣ ምላሴ ሲደፍር።
ሻሚ ገላመጠኝ። ቆርቆሮውን ዘረገፈ፤
አንድ በአንድ በከንፈሩ ሲሞክር ዐሥር ሰዓት አለፈ፣
እስኪያገኝ፣ ከጎኗ ሐምራዊ ጭረት ያላት፣
ከቀሩት አምስቱ ጋር ያንድ እናት ልጅ ናት የምትላት።
ሰፋት። በጥርሱ በጠሰ ክሩን።
ሆዳን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችው፣ ባዶውን።
ዋጋ አልጠየቀም።

ሻሚን ግን ያለ ቁልፍ ነው የቀበርነው።
ከፈን ስፌት አያውቅም፤ ነጭ ጨርቅ ነው፣ ጥቅል ነው።
አርባ ዓመት የሰውን ደረት ሲዘጋ ኖሮ
ሄደ፣ ደጁን ሳይቆልፍ፣ በሦስት ቋጠሮ።

አሁን ወንበሩ የኔ ነው። ቁልፍ ከቻይና በኪሎ ይመጣል፤
ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ይሞቃል።
ዛጎሏ ግን አለች። ማታ፣ ሰው ሲያልቅ፣
አወርዳታለሁ፤ አቧራዋን እፍ እላለሁ፤
ከሻሚ ቆርቆሮ የቀሩትን ቀዝቃዞቹን ለቅሜ
ቀዳዳዋ ላይ እሞክራለሁ፣ ከአምፖሉ ሥር ቆሜ።
አንዷም ልክ አትመጣም። ሁሉም ሾልከው ያልፋሉ።
ብረቱ ነው የወሰደው፣ ጸጉር የሚያህለውን፣
ቁልፍም ያልሆነውን፣ ቤትም ሆኖ ያልቀረውን፣
ዱቄት ሆኖ ወደብ ላይ የበነነውን።